ቦርጭ፣ ደምና የላብራቶሪው ወረቀት

“ወፈርሽ እኮ! ተመችቶሻል ማለት ነው።”

ለዓመታት ያልተያዩ ዘመዳሞች ሰርግ ቤት ሲገናኙ ይህ ቃል ዛሬም እንደ ምርቃት ይነገራል። የከሳው ደግሞ “ምነው፣ አሞህ ነበር እንዴ?” ይባላል። ረሃብንና የሳንባ ነቀርሳን በዓይኑ ያየ ሕዝብ ሥጋ መያዝን የጤና ምስክር ቢያደርግ አይፈረድበትም። ያቺው “ተመችቶሻል” የተባለች ሴት በማግስቱ ክሊኒክ ብትሄድ ግን ሚዛን ላይ ትወጣና “ክብደት ቀንሺ” ትባላለች። ዘመድ በዓይኑ አይቶ መረቃት፤ ሚዛኑ ወቀሳት። ሁለቱም ያዩት ውጪዋን ነው። ጉበቷ ስብ ይቋጥር አይቋጥር፣ ቆሽቷ ይድከም አይድከም፣ የደም ሥሯ ይቆጣ አይቆጣ የሚያውቀው ደሟ ነው።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ አንድ የተለመደ ነገር አለ። ሰው ቦርጩ ያሳስበውና ለምርመራ ይሄዳል። ውጤቱ ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ “ስኳር አለብኝ?” “የለብህም” ሲባል ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል፣ እፎይ ብሎም ይሄዳል። እዚያው ወረቀት ላይ ከስኳሩ በታች የተጻፉት ቁጥሮች ግን ብዙ ጊዜ ስኳሩ ገና ያልተናገረውን ቀድመው ተናግረዋል።

በመጀመሪያ ሚዛኑ ለምን እንደማይበቃ እንይ። ክብደትን በኪሎ ወስዶ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ በማካፈል የሚገኘው ቁጥር ቢኤምአይ ይባላል። 82 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 የሆነ ሰው 29 ያገኛል። 25 ላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት ይጀምራል፣ 30 ላይ ደግሞ ውፍረት። ስሌቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያፈለቀው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ሐኪም አልነበረም፤ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሰው ነበር፣ የሚፈልገውም የአንድን ሕዝብ አማካይ ሰው መልክ ነበር። ቢኤምአይ የሚለውን ስም ያወጣለት አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪስ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ብዙ ሕዝብን ለማነጻጸር ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ርካሽም ነው። ግን ጡንቻን ከስብ አይለይም፣ ስቡ ዳሌ ላይ ይሁን ሆድ ውስጥም አያውቅም። የአንድ ሰው ዘር ከሌላው የሚለይበትንም አይቆጥርም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እኛን በቀጥታ ይነካል። በዘመቻ ሙሴ (እ.ኤ.አ. 1984–85) እና በዘመቻ ሰሎሞን (1991) ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ቀጭኖች ነበሩ፣ የስኳር በሽታም እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ዓመታት አልፈው የጤና መዛግብት ሲመረመሩ ግን በስኳር የመያዛቸው መጠን ከሌላው እስራኤላዊ በልጦ ተገኘ፤ በቢኤምአይ ሲለኩ “መደበኛ” ከሚባሉት መካከል ሳይቀር። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም ለጥቁር አፍሪካውያን፣ ለደቡብ እስያና ለመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጆች ወሰኑን ዝቅ አድርጎ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደትን ከ23፣ ውፍረትን ከ27.5 ይጀምራል። በዚህ መለኪያ ከላይ ያልነው የ82 ኪሎ ሰው ለንደን ውስጥ ቢመረመር “ውፍረት” ውስጥ ገብቷል፤ በተለመደው ወሰን ግን ገና አልደረሰም። ሰውየው አንድ፣ ሰውነቱም አንድ ነው።

ታዲያ አደጋው የሚመጣው ከየት ነው? ስብን እንደ ጎተራ እናስበው። ከቆዳ ሥር፣ በተለይ ዳሌና ጭን ላይ ያለው ስብ ደህና ጎተራ ነው፤ የተረፈውን ምግብ ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ብዙም አይረብሽም። ጎተራው ሲሞላ እህሉ ወደ መሬት እንደሚፈስ ሁሉ የተረፈው ስብም ቦታው ወዳልሆነ ቦታ ይሄዳል፦ አንጀት ዙሪያ፣ ጉበት ውስጥ፣ ቆሽት ላይ፣ ጡንቻ መካከል። ጎተራው ምን ያህል ይይዛል የሚለው ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ 110 ኪሎ ደርሶ ገና ቦታ አለው፤ ሌላው በ68 ኪሎ ሞልቶ ፈሷል። ቀጭን ሆኖ ቦርጩ ብቻ ወጣ ያለ ወንድ በየሰፈሩ አለ፣ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ዘመድ “ወፈርክ” አይለው፣ ሚዛን አይወቅሰው፣ ማንም ምርመራ አይልከው።

ስብ የሚቀመጥ ብቻ ሳይሆን የሚናገርም ነው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ሲያገኙ ነው። ሌፕቲንን የሚሠራው ራሱ የስብ ሕዋስ ነው፤ ለአንጎል “ጠግበናል” የሚል መልእክት ያደርሳል። ያኔ ብዙዎች የውፍረት መድኃኒት ተገኘ ብለው ነበር። ነገር ግን በአብዛኛው ወፍራም ሰው ደም ውስጥ ሌፕቲን ሞልቶ ተገኘ፤ ችግሩ አንጎል መስማት ማቆሙ ነበር። ስለዚህ ሌፕቲንን መለካት ከጥቂት ሕፃናት የዘር ችግር በቀር ለሐኪም ብዙ አይነግረውም። አዲፖኔክቲን የሚባል ሌላም አለ። እሱም ከስብ የሚመነጭ ነው፣ ግን የሆድ ስብ ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለቱም ለሳይንሱ ትልቅ በር ከፍተዋል። ገንዘብ ከፍሎ እነሱን ለማስመርመር የሚሮጥ ሰው ካለ ግን ባይደክም ይሻለዋል፤ ቀጥሎ የምላቸው ርካሾቹ ይበልጣሉ።

ወደ ወረቀቱ እንግባ፣ ከስኳሩ እንጀምር። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126 እና ከዚያ በላይ ደግሞ በሌላ ቀን ተደግሞ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ይባላል። መለኪያው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ከዚህ ሌላ ሰው “የሦስት ወር ስኳር” የሚለው ኤችቢኤዋንሲ አለ። የቀይ ደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ በዚያ ዕድሜው ደም ውስጥ ያለው ስኳር እየተጣበቀበት ይሄዳል። ምን ያህል እንደተጣበቀበት በመቶኛ ይለካል። ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር ነው፣ 6.5 ሲደርስ በሽታው ነው። ትናንት ዶሮ ወጥ በልቼ ነበር ብሎ ማመካኘት አያዋጣም፤ የሚለካው ወራት ነውና።

ይህ ምርመራ እንከን አለው፣ እንከኑም እኛ አገር ይበረታል። መለኪያው የቆመው በቀይ ደም ሕዋስ ዕድሜ ላይ ስለሆነ፣ ዕድሜውን የሚያዛባ ሁሉ ውጤቱን ያዛባዋል። የብረት ማዕድን እጥረት ያለባት ሴት ስኳሯ ሳይጨምር ቁጥሩ ከፍ ሊልባት ይችላል። ደም የፈሰሰው፣ ወባ ሕዋሱን ያፈረሰበት፣ ወይም በቅርቡ ደም የተሰጠው ሰው ደግሞ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሳለ ቁጥሩ ዝቅ ሊልለት ይችላል። ስለዚህ የሦስት ወር ስኳር ከተራው የደም ቆጠራ፣ ከሲቢሲ ጋር አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ስብ፣ ከቆሽት የሚመነጨውንና የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን ያዳክመዋል። ያኔ ቆሽት አንድ ያመነጭ የነበረውን ሁለት፣ ሦስት እያመነጨ ስኳሩን በቦታው ያቆየዋል። ወረቀቱ ላይ ስኳሩ 92 ይላል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ያን 92 ለማስገኘት ቆሽቱ ምን ያህል እንደለፋ ግን አልተጻፈም። ይህ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በላይ ይቀጥላል። ስኳሩ ከፍ የሚለው ቆሽቱ ሲዝል ነው። ስኳር ዘግይቶ የሚመጣ ወሬ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቀድሞ የሚያወራው የቅባት ምርመራው ነው። ሰው ኮሌስትሮል ሲባል ጠቅላላውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ የሆድ ስብን በተመለከተ ግን የሚበልጡት ከሥር ያሉት ሁለቱ ናቸው። አንዱ ትራይግሊሰራይድ ነው። በስብ የተሞላ ጉበት የተረፈውን ስብ ጠቅልሎ ወደ ደም ይልከዋል፤ የሚለካው ያ ነው። ከ150 በላይ ሲሆን ጉበቱ ተጨናንቋል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሌላው ደጉ ኮሌስትሮል የሚባለው ኤችዲኤል ነው፤ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ሲወርድ ዝቅተኛ ነው። ትራይግሊሰራይድ ወጥቶ ኤችዲኤል ሲወርድ፣ ስኳሩ ምንም ቢያምር ኢንሱሊኑ እየታገለ ነው ማለት ነው። የኢንሱሊን መጠንን ራሱን ማስለካት ይቻላል፤ ግን ላብራቶሪው በተለወጠ ቁጥር ውጤቱ ስለሚለያይ ስምምነት ላይ የተደረሰበት ወሰን የለውም። የሁለቱ ቅባቶች ጥምረት በርካሽ ዋጋ ወደዚያው ያደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በጥቁር አሜሪካውያንና በምዕራብ አፍሪካውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ኢንሱሊናቸው ተዳክሞ ሳለ ትራይግሊሰራይዳቸው መደበኛ ሆኖ የሚቀር ብዙ ሰዎች እንዳሉ አሳይተዋል። ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ማንቂያ ነው፤ ዝቅ ማለቱ ግን ለአፍሪካዊ የነጻ ምስክር ወረቀት አይሆንም። ከዚሁ ጋር ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎ ኮሌስትሮል መካከለኛ ሆኖ፣ ተሸካሚዎቹ ቅንጣቶች ግን ትንንሽና ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ቅንጣት አንድ ብቻ አፖቢ የሚባል ፕሮቲን ስላላት አፖቢን መለካት ቅንጣቶቹን እንደ መቁጠር ነው። ምርመራው ባለበት አገር የሚኖር፣ ቦርጭ ያለውና ከቤተሰቡ ልቡን የታመመ ሰው ካለ ሐኪሙን ቢጠይቅ አይቆጨውም።

ጉበት ራሱም ይናገራል። ላብራቶሪዎቻችን ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ ብለው የሚጽፏቸው ሁለቱ፣ ሌላ ቦታ ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት፣ የጉበት ሕዋስ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሱ ኢንዛይሞች ናቸው። ከፍ ሲሉ ሰው ወዲያው ሄፓታይተስን ወይም መጠጥን ያስባል። መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው “ጉበትህ ተነክቷል” ሲባል እንደ ሐሜት ይሰማዋል። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ዋነኛው የጉበት ችግር በስብ መሞላቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት የድሮውን ስሙን ለውጠው ከመጠጥ ሳይሆን ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር እንዲያያዝ አድርገዋል። ስብ ያለበት ጉበት ኢንዛይሞቹ መደበኛ ሆነው ሊቆይ እንደሚችልም ልብ ይሏል።

ለዚህ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ ምንም ተጨማሪ ደም የማይጠይቅ ስሌት አለ፤ ፊብ-4 ይባላል። ዕድሜን በኤስጂኦቲ ያባዛሉ፤ ያገኙትን፣ የፕላትሌት (ደም የሚያረጉ ሕዋሳት) ቁጥር በሺህ ተወስዶ በኤስጂፒቲ ካሬ ሥር ተባዝቶ ለሚገኘው ያካፍላሉ። ለምሳሌ የ50 ዓመት ሰው ኤስጂኦቲው 40፣ ኤስጂፒቲው 36፣ ፕላትሌቱ 200 ሺህ ቢሆን፣ 50 ሲባዛ በ40 2000 ይሆናል፤ የ36 ካሬ ሥር 6 ነው፣ 200 ሲባዛ በ6 1200። 2000 ለ1200 ሲካፈል 1.67 ገደማ ይመጣል። ከ1.3 በታች ቢሆን ኖሮ ጉበቱ የመጠጠር ዕድሉ ትንሽ ነው። ከ2.67 በላይ ቢሆን ስፔሻሊስት ጋ መሄድ አለበት። ይህ ሰው መካከል ላይ ስለሆነ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካ ልዩ አልትራሳውንድ ቢጨመርለት መልካም ነው። ወረቀቱን አይቶ “ሁለቱም ኢንዛይም ኖርማል ነው” የሚል ሰው ይህን አያይም፤ አራቱ ቁጥሮች ግን እዚያው ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ65 ለሚያልፍ የታችኛው ወሰን ወደ 2 ከፍ ይላል።

ቀጥሎ ሲአርፒ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930 እዚያው ሮክፌለር ውስጥ በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ተገኘ። ጉበት የሚሠራው የቁጣ ምልክት ነው። የሆድ ስብ ጉበትን ሳያቋርጥ የሚነካኩ መልእክቶች ስለሚልክ፣ ሰውነት በአመድ ሥር እንዳለ ረመጥ ትንሽ ትንሽ ሲጨስ ይኖራል። ይህን ዝቅተኛ ጭስ የሚለካው ኤችኤስ-ሲአርፒ የተባለው ስሱ ምርመራ ነው፤ ከ1 በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ የልብ አደጋ ያመለክታል፣ በሚሊግራም በሊትር። ከ10 ካለፈ ግን ነገሩ ከቦርጭ ሳይሆን ከኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሰው ሲድን ይደገማል። ጉንፋን፣ የጥርስ ሕመም፣ ታይፎይድ ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። ለሪህ የሚለካው ዩሪክ አሲድም ከውፍረት ጋር ይጨምራል፤ እሱም ኩላሊትን የሚያሳየው ክሬያቲኒንም አብዛኛው ጥቅል ምርመራ ውስጥ ስላሉ ማየቱ አይከፋም።

ሳይንሱ ከዚህ እየራቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የአንድ የአሜሪካ ከተማ ነዋሪዎችን ልብ የሚከታተለው የፍራሚንግሃም ጥናት ያስቀመጠውን የደም ናሙና መርምረው፣ በ2011 ተመራማሪዎች አንድ አስደናቂ ነገር አሳዩ፦ ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊንን ጨምሮ አምስት አሚኖ አሲዶች በኋላ ስኳር በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ እስከ 12 ዓመት ቀድመው ከፍ ብለው ነበር። በ2023 ደግሞ ሲያትል ያሉ ተመራማሪዎች የ1,277 ሰዎችን ደም መርምረው ከደሙ ብቻ ቢኤምአይን አሰሉ። የሚዛኑና የደሙ ቁጥር ሁልጊዜ አልገጠሙም። ሚዛኑ ቀጭን ያላቸው፣ ደማቸው ወፍራም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ተሳታፊዎቹ አኗኗራቸውን ሲያስተካክሉ ደግሞ ከደሙ ከተሰሉት ቁጥሮች አንዱ ከሚዛኑ በበለጠ ወረደ።

ይህ ሁሉ ተስፋ አለው፣ ግን ገና ለክሊኒክ አልደረሰም። ምርምሩ የተሠራውም በአብዛኛው አውሮፓዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ደም ላይ ስለሆነ ለእኛ ሳይመሰክር በፊት የእኛንም ደም ማወቅ አለበት። በውድ ዋጋ “የሜታቦሊዝም ካርታ” የሚሸጥልዎት ቢመጣ ገንዘቡን ለቅባትና ለጉበት ምርመራ ያውሉት።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ከ50 በላይ ሊቃውንት ያሉበት የሕክምና መጽሔቱ የላንሴት ኮሚሽን ውፍረትን ለሁለት ከፍሎታል። አንደኛው አካልን መጉዳት የጀመረ፣ ሁለተኛው ገና ያልጀመረ ነው። መለያው የአካላት ሁኔታ ነው፣ የደም ምርመራም ከመለያዎቹ መካከል ይገባል። ይህ ክፍፍል ወፍራም ሰውን ከመወቀስ ያሳርፈዋል ብዬ ደስ ብሎኛል። ግን ደሙ ጥሩ የሆነለት ወፍራም ሰው ራሱን እንዳያታልል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የብሪታንያ ጥናት አለ። የ3.5 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ ሲታይ ስኳር፣ ግፊትና የቅባት መዛባት የሌለባቸው ወፍራሞች እንኳ ከመደበኛ ክብደት ሰዎች ይልቅ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 49 በመቶ ይበልጥ ነበር።

ከምርመራው በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ ያስፈልጋል፤ ቡናም ይጾማል። በፋሲካ ማግስት ወይም ጠጥተው ባደሩበት ጠዋት የተለካ ትራይግሊሰራይድ ለወትሮው ኑሮ አይመሰክርም። መርፌ የማይጠይቀውን ምርመራ ቤት ይሥሩት፦ ክር ወስደው ቁመትዎን ይለኩ፣ ክሩን እኩል አጥፈው ወገብዎን እምብርት ላይ ይዙሩበት። ካልደረሰልዎት ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ ይበልጣል፣ ቢኤምአይዎ ምንም ቢሆን ደምዎን ማስመርመር አለብዎት። እንግሊዝና አንዳንድ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ያላችሁ ውጤቱን በሚሊሞል ታገኛላችሁ፤ ስኳሩን በ18፣ ትራይግሊሰራይዱን በ89፣ ኮሌስትሮሉን በ39 ብታባዙ ከላይ ወደጻፍኳቸው ቁጥሮች ትደርሳላችሁ።

ቁጥሩ ባያምርስ? በአሜሪካ 3,234 ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ሙከራ ነበር። ግቡ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። በዚያ መንገድ የሄዱት ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ለ82 ኪሎው ሰው 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ አይሞላም። ቀንሶም ቢኤምአይው 27 ነው፤ ሚዛኑ አሁንም ይወቅሰዋል፣ ዘመዶቹም ልዩነቱን ላያዩ ይችላሉ። ትራይግሊሰራይዱ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ መውረድ ይጀምራል፣ የጉበት ኢንዛይሙም ይከተላል። የሦስት ወር ስኳሩ ለውጥ እስኪታይ አሮጌዎቹ ቀይ ሕዋሳት በአዲስ መተካት ስላለባቸው ወደዚያው ላብራቶሪ የሚመለስበት ቀን ከሦስት ወር በፊት ባይሆን ይመረጣል። ሲሄድም ያጣጠፈውን የድሮ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ከአዲሱ ጎን ያስቀምጠው።